«ፈርሚና እለፊው» ይሉኛል

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ደብዳቤ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

የ29 ዓመት ሴት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የግዥ ባለሙያ ነኝ። የተማርኩትም ይህንኑ ነው። ሥራዬን እወደዋለሁ። ከጠያቂው ክፍል ጋር ቁጭ ብዬ ስፔሲፊኬሽን (የሚገዛውን ዕቃ ዝርዝር መግለጫ) ማስተካከል፣ ገበያ ማጥናት፣ ዋጋ ማወዳደር ደስ ይለኛል። ለመንግሥት ያተረፍኩት ብር ለራሴ ያተረፍኩት ይመስለኛል።

አሁን ግን ሰኔና ሰኞ ገጥሞብኛል። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ነው። ፕሪንተር፣ ቶነርና የተወሰኑ ኮምፒውተሮች ይገዙ ተባለ። ጥያቄው የመጣው ዘግይቶ ነው። ዳይሬክተሬ ጠርተውኝ «ጨረታ ብለን ከገባን ሰኔ 30 ያልፈናል፤ በጀቱም ተመላሽ ይሆናል። አራት ቦታ ከፋፍለሽ በፕሮፎርማ ጨርሺው» አሉኝ። ፕሮፎርማ ማለት ግልጽ ጨረታ ሳይወጣ ከጥቂት አቅራቢዎች የሚሰበሰብ የዋጋ ማቅረቢያ ነው፤ የሚፈቀደውም እስከ ተወሰነ የገንዘብ ጣሪያ ድረስ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሲስተሙ ስለሚቆራረጥ በእጅ ይሁን ተባለ።

በማግስቱ ሦስት ፕሮፎርማ በአንድ ፖስታ መጣልኝ። ያመጣው አንድ ልጅ ነው። ሦስት ድርጅት፣ ሦስት ማህተም። ግን ሦስቱም ላይ «የአንድ ዓመት ዋስትና» ለማለት «የአንድ ዓመት ዋትስና» ተብሎ ተጽፏል። ሁለቱ ከሦስተኛው የሚበልጡት በጥቂት መቶ ብር ነው። ማን እንደሚያሸንፍ ሳይከፈት የታወቀ ነገር ነው።

አልፈረምኩም። ዳይሬክተሬ «አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ ሕግ የምታውቂው?» አሉኝ፤ በቁጣ ሳይሆን በቀልድ። ክፉ ሰው አይደሉም። ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አባቴ ሲያርፍ ከቢሮ ሰው ሁሉ ቀድመው ደርሰው፣ ኮታቸውን አውልቀው፣ የድንኳን ገመድ ሲስቡ ነው ያየኋቸው። አሁን በምን ዓይኔ ልያቸው?

ሌላም አለ። ባለፈው ረቡዕ ማታ በቴሌብር 15,000 ብር ገባልኝ። ቁጥሩን አላውቀውም። ጠዋት አቅራቢው ደውሎ «ለልጅሽ ወተት መግዣ ነው፤ እንዳትጨነቂ» አለኝ። ልጅ እንዳለችኝ በምን እንዳወቀ እግዜር ይወቀው። ብሩን አልነካሁትም። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለባለቤቴም ጭምር።

ባለቤቴ ስለ ፊርማው ያውቃል። «አለቃሽ እያዘዘሽ አንቺ ምን አገባሽ? ፈርሚና እለፊው» ይለኛል። አማቴ ደግሞ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያሉ ይስቃሉ።

በዚህ መሃል አንድ አስመጪ ድርጅት የግዥ ሥራ አቀረበልኝ። ደመወዙ አሁን ከማገኘው እጥፍ ገደማ ነው። እስከ ሰኔ 20 መልስ ይፈልጋሉ። ፈርሜ ልውጣ? ሳልፈርም ልውጣ? ወይስ ልቆይ? እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ፊርማዬ የከበደኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

እህቴ፣ ብዙ ነገር በአንድ ላይ ነው የመጣብሽ። አለቃሽን፣ ባለቤትሽንና አዲሱን ሥራ ቀስ ብለን እንደርስባቸዋለን። አንዱ ነገር ግን ከነገ ማለፍ የለበትም፤ እሱም ብሩ ነው።

15,000 ብር የወተት መግዣ አይደለም። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ለጀማሪ የዲግሪ ምሩቅ የተወሰነው የመንግሥት ደመወዝ 11,500 ብር መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ። ሰውየው ብልጥ ነው። በፖስታ አምጥቶ ቢሆን ኖሮ እጅሽን ሰብስበሽ «ውሰድልኝ» ትይው ነበር። በስልክ ሲልከው ግን እሺም እምቢም ሳትይ ተቀባይ አደረገሽ። ልጅሽን ያነሳትም በአጋጣሚ አይመስለኝም። «ስለ አንቺ አውቃለሁ» ማለቱ ነው። እንቅልፍ የነሳሽ ይህ ከሆነ አትገረሚ፤ ማንንም ያስፈራል።

«መልሼ ብልክለትስ?» ብለሽ አስበሽ ይሆናል። ቅን ሐሳብ ነው። በዝምታ ከመለስሽው ግን ነገ መዝገብ የሚያየው ሰው የሚያገኘው በአንድ አቅራቢና በአንዲት የግዥ ባለሙያ መሃል ገንዘብ ሲመላለስ ነው። ለምን እንደመጣ፣ ለምን እንደተመለሰ የሚናገር ነገር አይኖርም። ስለዚህ መጀመሪያ ጻፊ። አንድ ገጽ ይበቃል፤ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ከዚህ ስልክ ቁጥር፣ ይህን ያህል ብር ሳልጠይቅ ገብቶልኛል፤ በማግስቱ እገሌ የተባለ አቅራቢ ደውሎ ይህን ብሎኛል፤ ገንዘቡን አልተጠቀምኩበትም፤ በምን አግባብ ተመላሽ እንደሚሆን በጽሑፍ ይገለጽልኝ። ደብዳቤውን ለመሥሪያ ቤትሽ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ክፍል ስጪ፤ ግልባጭ ለውስጥ ኦዲት። በሁለት ቅጂ አድርጊውና በአንዱ ላይ መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ጽፎ ማህተም ያድርግልሽ። ያንን ቅጂ ቤትሽ አስቀምጪው። የቴሌብር መልእክቱንም እንዳታጠፊው።

የሥነ ምግባር ክፍሉ ኃላፊ ከአለቃሽ ጋር በየቀኑ ቡና የሚጠጣ ሰው ነው? ይህን እኔ አላውቅም፣ አንቺ ታውቂያለሽ። እንደዚያ ከሆነና ወሬው ከደብዳቤው ይቀድማል ብለሽ ከፈራሽ፣ በቀጥታ ወደ ፌዴራል ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን መሄድ ትችያለሽ። በደብዳቤው ውስጥ ግን አለቃሽን አታንሺያቸው። ስለ ብሩ ያውቁ አያውቁ በእጅሽ ማስረጃ የለም። ያየሽውንና የሰማሽውን ብቻ ጻፊ። ሰውየው ድጋሚ ከደወለ ደግሞ ብዙ አታውሪው። «ጉዳይ ካለዎት ለመሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ ያቅርቡ» በይውና ዝጊው። ማስጠንቀቅ፣ መሳደብ፣ «ብርህን ውሰድ» ብሎ መጮህ አያስፈልግም።

ከዚያ በፊት ግን፣ ዛሬ ማታ ልጅሽ ስትተኛ ለባለቤትሽ ንገሪው። «ፈርሚና እለፊው» ያለሽ ስለ ብሩ ሳያውቅ ነው። እሱ የሚያስበው ትእዛዝ ስለምትፈጽም ሠራተኛ ነው። ገንዘብ የተላከላት የግዥ ባለሙያ ስትፈርም ነገሩ ሌላ ነው። ይህን ሲሰማ ምክሩ ያው ይሆናል? እኔ አይመስለኝም። እስካሁን ያልነገርሽው ለምን እንደሆነ ግን ራስሽን ጠይቂ። እንዳይጨነቅ ብለሽ ነው? ወይስ «ምን ችግር አለው፣ ያዢው» እንዳይልሽ ፈርተሽ? ሁለተኛው ከሆነ እሱም የራሱ ውይይት ይፈልጋል፤ ቢሆንም ከሌላ ሰው ከሚሰማው ካንቺ ቢሰማው ይሻላል።

አማትሽን በተመለከተ፣ ተረቱ የቆየ ነው፤ ሳቃቸውም የክፋት አይመስለኝም። ተረቱ የሚያወራው ግን ስለ ተሿሚ ነው። አንቺ አልተሾምሽም፤ የምትፈርሚ ሠራተኛ ነሽ።

አሁን ወደ ፊርማው እንምጣ።

አለቃሽ ያነሱትን ምክንያት ሁሉ ሰበብ ነው ብዬ አልጥለውም። ሰኔ በየመንግሥት ቢሮው ምን እንደሚመስል ታውቂዋለሽ። ዓመቱን ሙሉ ዝም ያለ ክፍል ሁሉ ሰኔ ሲገባ «አስቸኳይ» የሚል ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። ገበያውም ያውቃል። መርካቶ ያለ ነጋዴ የመንግሥትን የበጀት መዝጊያ ከብዙ ባለሙያ በተሻለ ቆጥሮ ይይዛል። ዋጋውም ሌላ ራስ ምታት ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ ወዲህ ከውጭ ለሚገባ ዕቃ የሰጠውን ዋጋ እስከ ውል ድረስ ይዞ የሚቆይ አቅራቢ ማግኘት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ጨረታ የሚፈራ ኃላፊ ሁሉ ሌባ አይደለም። በጀት ያልተጠቀመ ኃላፊ በግምገማ «አፈጻጸምህ ዝቅተኛ ነው» ይባላል፤ ለከርሞም በጀቱ እንዳይቀነስበት ይሰጋል። አለቃሽ ላይ ያለውን ጫና እዚህ ድረስ እረዳዋለሁ።

«ዋትስና» ላይ ስደርስ ግን እቆማለሁ። የጊዜ ማጠር ሦስት ድርጅት አንድ ዓይነት ስሕተት እንዲጽፍ አያደርግም። ያ ፖስታ የሚያሳየው ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ማለቁን ነው። እና እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች አሉ። ግልጽ ጨረታን ለመሸሽ አንድን ግዥ መከፋፈል አንዱ ነው። ተወዳዳሪ የሌለበትን ግዥ ውድድር እንዳለው አድርጎ በወረቀት ማቅረብ ሌላው ነው። የመጀመሪያውን አለቃሽ በችኮላ ሊያዙ ይችላሉ። ሁለተኛውን ማን አቀነባበረው የሚለውን አንቺም እኔም አናውቅም። ምናልባት አቅራቢው ለብቻው ይሆናል። ምናልባት አለቃሽ ፖስታውን ጭራሽ አላዩት ይሆናል። ይህን ዕድል ልትሰጫቸው ይገባል ብዬ አስባለሁ፤ ድንኳን የሳቡ ሰው ናቸውና።

ስለ ሕጉ ብዙ አልልሽም፣ ሥራሽ ነው። የፌዴራል ግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1333/2016 ላይ ግልጽ ጨረታ ዋናው የግዥ ዘዴ መሆኑን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። አንድ ነገር ብቻ ለባለቤትሽ አስረጂው። «እሷ ምንም ካልበላች ምን ያገኛታል?» የሚል ካለ፣ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 የሚያየው የበላውን ብቻ አይደለም፤ ሥልጣኑን ተጠቅሞ ለሌላ ሰው የማይገባ ጥቅም ያስገኘውንም ነው። «አለቃዬ አዞኝ ነው» የሚለውም በወንጀል ሕጉ ዓይን ሁልጊዜ አያድንም። ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመ ሠራተኛ ይጠየቃል። አንቺ ደግሞ ታውቂያለሽ፤ ደብዳቤሽ ራሱ ይመሰክራል።

እስቲ ኦዲተሩ ከርሞ ሲመጣ ይታይሽ። ከፊቱ አራት ፋይል አለ። የአራቱም ቀን ተከታታይ ነው። ዕቃው ያው፣ አሸናፊው ያው። አራቱን ደምሮ ከፕሮፎርማ ጣሪያው ጋር ለማስተያየት ካልኩሌተር እንኳ አያስፈልገውም። ከታች «አዘጋጅ» በሚለው ቦታ የማን ፊርማ ነው ያለው? ያንቺ። አለቃሽ «ከፋፍለሽ ጨርሺው» ያሉትስ የት አለ? የትም የለም። ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚያቀርበው ሪፖርት ሥርዓቱን ያልተከተለ ግዥ የማይነሳበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ እንዳንቺ ያለች አንዲት «አዘጋጅ» አለች።

እኔ እንድታዪ የምፈልገው ምርጫሽ «ልፈርም» ወይም «ልጣላ» ብቻ አለመሆኑን ነው። በመሃሉ ሰፊ ቦታ አለ፤ ቦታው ደግሞ ወረቀት ነው። ቃል ይረሳል፣ መጽሐፍ ይወረሳል የሚባለው ለግዥ ክፍል የተባለ ነው የሚመስለኝ።

መጀመሪያ ግን በቃል ጀምሪ። ጠዋት ሰው ሳይበዛባቸው ግቢ። በሩን ዝጊ። ፕሮፎርማዎቹን ይዘሽ ግቢ፤ ያንን ቃል ሦስቱም ላይ በጣትሽ አሳያቸው። «ጋሼ፣ ይህን አይተውታል? እኔ ስፈርም ከላይ የሚያጸድቁት እርስዎ ነዎት። ነገ ኦዲተር ቢጠይቀን ሁለታችንም መልስ የለንም» በያቸው። «ሕጉ እንዲህ ይላል» ብለሽ አትጀምሪ፤ ሕጉን እሳቸው ናቸው ያስተማሩሽ። ከዚያ ዝም ብለሽ ፊታቸውን እይ። ከደነገጡ አንድ ነገር ነው። «እሱን ተይው፣ አንቺ ብቻ ፈርሚ» ካሉሽ ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ክፍል ስትወጪ እስካሁን ያላወቅሽውን ነገር ታውቂያለሽ።

ባዶ እጅሽን ግን አትግቢ። «አይሆንም» ብቻ ይዛ የምትመጣ ባለሙያ አለቃ ታሰለቻለች። መውጫ ይዘሽ ሂጂ። ፕሪንተር፣ ቶነርና ኮምፒውተር በማዕከል በማዕቀፍ ስምምነት (አቅራቢውና ዋጋው አስቀድሞ በተወሰነበት ውል) ከሚገዙ ዕቃዎች ውስጥ የሚገኙ ናቸው። አሁን የሚሠራ የማዕቀፍ ውል አለ? ካለ ጨረታውም ፕሮፎርማውም ላያስፈልግ ይችላል፤ አንድ ስልክ ደውለሽ አጣሪ። ቀጥሎ ወደ ጠያቂው ክፍል ሂጂና «ሐምሌ 1 ቀን ያለዚህ ዕቃ የሚቆም ሥራ የትኛው ነው?» በያቸው። መልሱ ብዙውን ጊዜ ከተጠየቀው ዝርዝር ያነሰ ነው። ቶነር ዛሬ ያስፈልግ ይሆናል። ኮምፒውተሮቹ ግን ለአዲሱ ዓመት ዕቅድ ገብተው ሐምሌ ላይ በግልጽ ጨረታ ቢወጡ ማን ይሞታል? ዛሬ የግድ የሚያስፈልገው ትንሽ ሆኖ ዋጋ ማቅረቢያ የሚፈቀድለት ከሆነ ደግሞ በኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓቱ ይውጣና የተመዘገበ አቅራቢ ሁሉ ይየው። ሲስተሙ ይቆራረጣል የተባለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ኔትወርካችንን እናውቀዋለን። ግን ሲስተሙ ማን መቼ ምን እንዳደረገ ይመዘግባል። በእጅ ይሁን የሚል ሰው አንዳንዴ የሚሸሸው መቆራረጡን አይደለም።

እና ቀሪው በጀት ተመላሽ ቢሆንስ? ተመለሰ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም፤ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይገባል። ግምገማ ላይ ያሳፍር ይሆናል። እሱንም በሐቅ ማስረዳት ይቻላል፤ ጥያቄው ዘግይቶ መጣ፣ ዕቅድ ውስጥ አልነበረም፣ ጊዜ አልበቃም።

ውይይቱ ጥሩ ሆነም አልሆነም፣ ከዚያ ክፍል ስትወጪ የዚያኑ ቀን አጭር ማስታወሻ ጻፊ። እንዲህ ዓይነት፦

«ጉዳዩ፦ የፕሪንተር፣ የቶነርና የኮምፒውተር ግዥን ይመለከታል። ከላይ የተጠቀሱት ዕቃዎች በአራት ተከፍለው በዋጋ ማቅረቢያ እንዲገዙ በቃል በታዘዝኩት መሠረት ሰነዶቹን ተመልክቻለሁ። የዕቃዎቹ ድምር ዋጋ ለዘዴው ከተፈቀደው ጣሪያ በላይ ስለሆነ፣ እንዲሁም የቀረቡት ሦስት ፕሮፎርማዎች በይዘታቸው ተመሳሳይ ሆነው ስለተገኙ፣ ግዥውን በዚህ መልኩ ለማስፈጸም የምቸገር መሆኑን እየገለጽኩ በአማራጭነት የሚከተለውን አቀርባለሁ።»

ከሥሩ አማራጮቹን አስቀምጪ። ቃና የለው፣ ክስ የለው፣ ስም የለው። ይህን ለአለቃሽ በመዝገብ ስጫቸው። ፕሮፎርማዎቹን ከነፖስታቸው በፋይሉ ውስጥ አቆያቸው፤ ኮፒም ይኑርሽ። በፕሮፎርማው ላይ ያለውን የሦስቱን ድርጅት አድራሻና ግብር ከፋይ ቁጥር ማጣራትም የሥራሽ አካል ስለሆነ አጣሪ፤ ውጤቱንም በማስታወሻው ላይ ጨምሪ።

ብዙ የቃል ትእዛዝ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲያይ ራሱ ይበርዳል። «ቆይ እስቲ እናየዋለን» ይባልና ሰኔ ያልፋል። አለቃሽ ማስታወሻው ላይ «በፕሮፎርማ ይፈጸም» ብለው መርተው ቢመልሱልሽስ? ያኔም እንዳትፈርሚ ነው የምመክርሽ። የእሳቸው መምሪያ የእሳቸውን ኃላፊነት ያሳያል እንጂ ያንቺን አያጠፋም። ጉዳዩ ወደ ውስጥ ኦዲት ይሂድ፤ ከዚያ በላይም ካስፈለገ የመንግሥት ግዥና ንብረት ባለሥልጣን አለ።

ቀላል ነው ብዬ አላታልልሽም። «ነገረኛ ናት» ልትባይ ትችያለሽ። ቡና ሲወጡ ላይጠሩሽ ይችላሉ። ከግዥ ወደ ሌላ ክፍል ብትዛወሪም አልገረምም። ያለ አግባብ የሆነ ነገር ከደረሰብሽ መጀመሪያ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ፣ ቀጥሎ የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት አለ። የጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003ም አለ፤ እሱ ግን የተሠራው ከባድ ቅጣት ለሚያስከትሉ ወንጀሎች ስለሆነ ለሁሉም ነገር ጃንጥላ ይሆነኛል ብለሽ አትደገፊበት። ስለዚህ አስቀድመሽ አንድ ሰው ፈልጊ። እዚያው ቢሮ ውስጥ ይህን ነገር ሳታፍሪ የምታወሪው አንድ ሰው አለ? ሒሳብ ክፍል? ሕግ ክፍል? የሕግ ባለሙያ የሆነ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካለሽም ደብዳቤዎችሽን ከመስጠትሽ በፊት ያንብብልሽ።

አሁን ስለ ውለታው። ደብዳቤሽ ውስጥ በጣም የነካኝ እሱ ነው። ይሉኝታሽ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያሳፍር አይደለም። ግን እስቲ አስቢው፤ ለአባትሽ ለቅሶ የቆመ ሰው ውለታ በምንድነው የሚመለሰው? ሐዘን ሲደርስበት ቀድሞ በመድረስ ነው። ሲታመም በመጠየቅ፣ ልጁን ሲድር ሽር ጉድ በማለት ነው። በመንግሥት ፕሮፎርማ አይመለስም፤ ሊመለስም ቢሞከር የሚጎዳው ራሱ ባለ ውለታው ነው። ያለ ፊርማሽ ፋይሉ አያልፍም፤ ፋይሉ ካላለፈ እሳቸውም አያጸድቁትም። ዛሬ ቢያኮርፉሽ እንኳ ቤታቸው መሄድሽን፣ ሰላምታሽን አትተዪ። ኩርፊያው ካንቺ አይጀምር።

የቀረው አዲሱ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ልጠይቅሽ። ይህ የሰኔ ጣጣ ባይመጣ ኖሮ ለዚያ ድርጅት ትሄጂ ነበር? ደብዳቤሽን የጀመርሽው ሥራሽን እንደምትወጂ በመናገር ነው። ማንም ሳይጠይቅሽ። ይህ ማለት ግን መውጣት የለብሽም ማለት አይደለም። ልጅ አለሽ፣ ኪራይ አለ፣ እጥፍ ደመወዝ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለደመወዝ ብሎ ሥራ መቀየርም ነውር የለውም። የማልወደው ለመሸሽ ብለሽ ብትወጪ ነው። አስመጪ ድርጅት ውስጥም ግዥ ግዥ ነው። እዚያም «ፐርሰንት» የሚያቀርብ ሻጭ፣ «ዝም ብለሽ ፈርሚ» የሚል ሥራ አስኪያጅ ይገጥምሻል። እዚህ የተለማመድሽው ማስታወሻ እዚያም ይጠቅምሻል።

አንድ ጥርጣሬ ደግሞ ልንገርሽ፤ እንዳይከፋሽ። ይህ ድርጅት ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዕቃ ያቀርባል? ላንቺ መሥሪያ ቤትስ? ባለቤቱ ከዚያ ከደወለልሽ ሰው ጋር ይተዋወቃል? ምንም ግንኙነት ላይኖር ይችላል፤ ዕድልሽ በጥሩ ጊዜ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ግን የሥራ ጥሪው፣ ብሩና ፖስታው በአንድ ሰሞን መምጣታቸውን አይቶ የማይጠይቅ ሰው የግዥ ባለሙያ አይደለም። ንግድ ፈቃዱን እይ፣ የሚያውቅ ሰው ጠይቂ።

ግንኙነት ከሌለና ልብሽ ወደዚያ ካዘነበለ ሂጂ፤ እንዳትፈርሚ ግን። «ለመጨረሻ ጊዜ ነው፣ ከዚያ አላገኛቸውም» ብለሽ የምትፈርሚው ፊርማ ከሁሉ የከፋው ነው። ሰነዱን ለማስረዳት እዚያ አትኖሪም፤ ሁሉም በሌለሽበት ያላክክብሻል። ስትወጪ በእጅሽ ያሉትን ፋይሎች በዝርዝር ቃለ ጉባኤ አስረክቢ፤ ይህኛው ፋይል ሳይፈረም መረከቡ እዚያው ላይ ይጻፍ። ክሊራንስሽን ጨርሰሽ ውጪ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ በእኔ ሐሳብ ይህን ይመስላል። ዛሬ ማታ ባለቤትሽ። ነገ ጠዋት የብሩ ደብዳቤ። ከነገ ወዲያ አለቃሽ፤ የዚያኑ ዕለት ማስታወሻው። ለአስመጪው ድርጅት ደግሞ «የበጀት መዝጊያ ላይ ነኝ፣ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ጊዜ ስጡኝ» ብለሽ ጠይቂ። በግዥ ሥራ ያለ ሰው ይህን ምክንያት አይጠላውም። አይሆንም ካሉሽና መወሰን ካቃተሽ፣ አለቃሽ ምን እንዳሉሽ ጨምረሽ ጻፊልኝ።